እጅን ስለ መታጠብ፤ ከማዕድ አስቀድሞ ብቻ ያይደለ

በብቸናም ሆነ በሞጣ እንግዳ እጁን ሳይታጠብ ወደ ማዕድ አይቀርብም። የቤቱ ልጅ ማንቆርቆሪያና ማስታጠቢያ ይዞ ከታላቅ ጀምሮ ያስታጥባል። ይህን የመሰለ ልማድ ባይኖር ኖሮ የእኛ ሥራ እጅግ በከበደ ነበር። ሆኖም ሁለት ጉድለት እናይበታለን። ውሃው ብዙ ጊዜ ያለ ሳሙና ይፈስሳል፤ እጅም አብዝቶ የሚያድፈው ማዕድ ሳይቀርብ አስቀድሞ፣ ከሰው ዓይን በተሰወረ ስፍራ ነው።

ተቅማጥን የሚያመጡ ረቂቅ ተሕዋስያን ከሰው ዓይነ ምድር ወጥተው በእጅ አማካይነት ወደ ምግብና ወደ አፍ ይሻገራሉ። በቆዳ ላይ ያለው ቅባት አጣብቆ ስለሚይዛቸው ውሃ ብቻውን በላያቸው ያልፋል። ሳሙና ግን ቅባቱን ከውሃ ጋር ያዋሕደዋል፤ እጆቹም ሲፋተጉ ተሕዋስያኑ ተላቅቀው ይሄዳሉ። ለዚህም የጣቶችን መካከልና የጥፍርን ሥር ሳይረሱ 20 ሰከንድ ያህል ማሸት ያስፈልጋል። ሳሙና በታጣ ጊዜ ንጹሕ አመድ ይረዳል፤ የሳሙናን ያህል ግን አንተማመንበትም። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉት ጥናቶች ተጠቃልለው ሲታዩ፣ ይህ ትምህርት በተሰጠበት ስፍራ የሕፃናት ተቅማጥ ከሦስት አንድ እጅ ያህል ቀንሷል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን «የሕፃን ዓይነ ምድር አይጎዳም» የሚለው አነጋገር ነው። ይጎዳል። እናት ሕፃኗን አጽድታ፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ብቻ ታላቅየውን ልጅ ብታጎርሰው፣ በፍቅር የሰጠችው ጉርሻ ሕመምም ይዞ ይገባል። ከሽንት ቤት መልስ፣ ሕፃን ካጸዱ በኋላ፣ ምግብ ከማሰናዳትና ልጅን ከማብላት በፊት መታጠብ የሚገባው ስለዚህ ነው።

እጅ ዓይንንም ይነካል። የዓይን ማዝ የሚባለው ትራኮማ ከታመመ ሕፃን ዓይንና አፍንጫ በጣት፣ በነጠላ ጫፍና በዝንብ ይተላለፋል፤ እየተደጋገመም ሽፋሽፍትን ወደ ውስጥ አዙሮ፣ ብሌንን እየፋቀ ያሳውራል። ከብቸና ወደ ሞጣ ስንጓዝ የምናልፍባት ጉንደወይን በምትገኝበት በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ፣ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በ72 ንዑስ ቀበሌዎች ጥናት ተደርጓል። አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት ለመላው ነዋሪ በየዓመቱ በታደለባቸው ቀበሌዎች፣ ከመቶ ሕፃናት በ40 ያህሉ ዓይን ይገኝ የነበረው የበሽታው ተሕዋስ ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላ ከ4 በታች ሆነ። ኋላ መድኃኒቱ በተቋረጠባቸው ግን አገረሸ። በሌላ በኩል በዋግ ኽምራ ተደርጎ በ2014 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፣ ውሃ፣ ሳሙናና የንጽሕና ትምህርት ብቻቸውን በሦስት ዓመት ውስጥ ትራኮማን በግልጽ እንዳልቀነሱ አሳይቷል። እንግዲህ መድኃኒት ሲታደል «እኔ ፊቴን ታጥቤአለሁ» ብሎ መቅረት አይገባም፤ መድኃኒቱን የዋጠም አንድ ፎጣ ለብዙ ፊት ማዋልን ይተው።

ለመምህራን የምናሳስበው ነገር አለ። ውሃው ከሽንት ቤቱ ርቆ ከተቀመጠ ተማሪው ሳይታጠብ ወደ ክፍል መግባቱ የማይቀር ነው፤ ይህን ደግሞ ብዙ ትምህርት መስጠት አያስተካክለውም። ጀሪካን ከአፉ ዝቅ ብሎ በትንሹ ተበስቶ፣ በሁለት ባላ መካከል በእንጨት ተሰቅሎ፣ በእግር በሚረገጥ ገመድ እንዲዘነበል ቢደረግ፣ ያደፈ እጅ ሳይነካው ውሃ ያወርዳል። ሳሙናውን ቀዳድቶ በሲባጎ ከጎኑ ማንጠልጠል ነው። ጧት ጧት የሚሞላው ተማሪ በተራ ይመደብ፤ የተረኛውም ስም ከክፍል ስም መጥሪያው ጋር ይጻፍ።