«ፈላ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

በቤይሩትና በዙሪያዋ የምንኖር ወገኖች «ውሃው ፈላ?» ብለን በቀን ስንት ጊዜ እንጠያየቃለን። ቃሉ አፋችን ላይ ስላደገ መርምረነው አናውቅም።

በቋንቋችን የማይፈላ ነገር የለም ለማለት ይቻላል። ቡና ይፈላል፤ የተቆጣ ሰው ደሙ ይፈላል፤ እሑድ ቡርጅ ሐሙድ ሐበሻ ይፈላበታል፤ ገበሬ ችግኝ ያፈላል። ከሁሉም ጀርባ ያለው ሐሳብ ከውስጥ ተነሥቶ መብዛትና መንቀሳቀስ ነው፤ ትኩሳት የግድ አይደለም። ለምሳሌ ጠላ ጋን ውስጥ «ፈላ» ሲባል እሳት አልነካውም። እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲለውጥ ጋዙ ያስነሣው አረፋ ነው። ዐረብኛ ለውሃው «ገላ»፣ ለሚብላላው «ኢኽተመረ» ብሎ ለይቶታል። እኛም ለሊጥ «ቦካ» አለን፤ ጠላ ላይ ስንደርስ ግን ወደ «ፈላ» ተመለስን!

ፊዚክስ ቃሉን ያጠብበዋል። ውሃ ፈላ የሚባለው የእንፋሎቱ ግፊት ከላይ ከሚጫነው አየር ግፊት ጋር ሲተካከልና እንፋሎቱ ከውስጥ አረፋ እየሆነ ሲወጣ ነው። ስለዚህም ዲግሪው እንደ ቦታው ይለያያል። ራስ ቤይሩት ባሕሩ ዳር 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ግን 92 ገደማ ላይ ይፈላል። እናቶቻችን ሽምብራ አልበስል ሲላቸው ማገዶውን ያማሉ፤ የከፍታው ድርሻ ግን ቀላል አይደለም።

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ኮሌራ ሊባኖስ ሲገባ የመጠጥ ውሃን ማፍላት የሕይወት ጉዳይ ሆኖ ነበር። ታዲያ ከድስቱ ሥር ጥቃቅን አረፋ ታይቶ «ፈላ» ተብሎ የሚወርድ ውሃ አልፈላም። ያ አረፋ ውሃው ውስጥ ሟሙቶ የነበረ አየር ነው፤ ውሃው ገና ለብ እንዳለ መውጣት ይጀምራል። ውሃው ላዩ ሁሉ እየተገላበጠ መንተክተክ አለበት፤ እንዲያ እንደሆነም ለአንድ ደቂቃ ይቆይ፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ለሦስት ደቂቃ።

አንድ ነገር እንጨምር። በቤይሩት ጠረፍ ብዙ ጉድጓዶች የባሕር ውሃ ሰርጎባቸዋል። ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ጨውን አያወጣም፤ እንዲያውም እንፋሎቱ በሄደ መጠን የቀረው ውሃ ይበልጥ ጨዋማ ይሆናል። ጨው ጨው የሚለውን ውሃ ለዕቃ ማጠቢያ ተዉት፤ ለመጠጥ ሌላ ፈልጉ።