የእቅዱ መስመር ለምን ሸሸ?

ሰኔ ከገባ ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ያለችው የጽሕፈትና የህትመት ቤታችን ፋታ የላትም። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። የዓመት ሪፖርት የሚያቀርበው ፍላሹን ይዞ ከች ይላል፤ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያስጠርዘው ሬዚደንትም እንደዚያው። ከፊደል ግድፈት ቀጥሎ ከደንበኛ ጋር የምንጨቃጨቅበት ነገር አንድ ነው፦ ኤክሴል ቻርት ላይ በእጅ የተሰመረ መስመር ወይም ቀስት ከቦታው ሸሽቶ መገኘቱ። «ቤት ስሠራው እኮ ልክ ነበር! የእናንተ ፕሪንተር ነው ያበላሸው» ይሉናል። እውነት ነው፣ ፕሪንተርም አንዳንዴ እጁ ይኖርበታል፤ ስክሪን ላይ የሚታየውና ወረቀት ላይ የሚወርደው ልክ በትንሹ ይለያያል። የሚሸሸው በሚሊሜትር ሳይሆን በጣት ስፋት ከሆነ ግን ችግሩ ፋይሉ ገና ሲሠራ አብሮ የገባ ነው።

እንዲህ ያለ ፋይል ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማደርገው ቻርቱን በማውዝ ይዤ ወደ ጎን ትንሽ መጎተት ነው። ቀስቱ አብሮ ከሄደ ቻርቱ ውስጥ ነው ማለት ነው። ባለበት ከቀረ የተሳለው ከቻርቱ ሥር ባለው ሺት ላይ ነው። በዓይን ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም። ቻርቱን መጀመሪያ ክሊክ አድርጎ ሼፕ ያስገባ ሰው ቀስቱ ቻርቱ ውስጥ ይገባለታል፤ አንድ ሴል ላይ ቆሞ ያስገባ ሰው ቀስቱን ለሴሎቹ ነው የሰጠው። ከዚያ ቻርቱን ኮፒ አድርጎ ወርድ ላይ ሲለጥፍ ቀስቱ ኤክሴል ላይ ይቀራል። «ቀስቴ ጠፋ» ብለው የሚመጡት እነዚህ ናቸው። መፍትሔው ደግሞ ቀስቱን በኮንትሮል ኤክስ ቆርጦ፣ ቻርቱን ክሊክ አድርጎ፣ በኮንትሮል ቪ መለጠፍ ብቻ ነው።

ሺቱ ላይ የቀረ ቀስት ሌላም ጣጣ አለው። ቻርቱም ቀስቱም ካልነካናቸው ከሴሎቹ ጋር እንዲንቀሳቀሱና እንዲለጠጡ ተደርገው ነው የሚመጡት። ከቻርቱ ሥር ያለ አንድ ኮለም ሲሰፋ ቻርቱ በሙሉ ስለሚለጠጥ ባሮቹ ሁሉ ትንሽ ትንሽ ይራራቃሉ። ቀስቱ ግን ከሰፋው ኮለም በስተግራ ካለ ንቅንቅ አይልም፤ በስተቀኝ ካለ የተጨመረውን ስፋት በሙሉ ይገፋል። አንድ ደንበኛዬ ቻርቱን ጨርሶ አልነካውም፤ የነካው «የሠራተኛ ስም» የሚለውን ኮለም ነው። ቀስቱ ግን ሄዷል።

ኮለም ሳይነካም ይህ ይሆናል። ኤክሴል የኮለምን ስፋት የሚለካው በሴንቲሜትር ሳይሆን በፋይሉ መደበኛ ፎንት ስንት አኃዝ ጎን ለጎን ይገባል ብሎ ነው። ካሊብሪ 11 ላይ መደበኛው ስፋት 8.43 ነው፤ በተለመደው የስክሪን መጠን 64 ፒክስል ይሆናል። ያ ፎንት የሌለበት ኮምፒውተር በምትኩ ሌላ ፎንት ሲያስገባ ኮለሞቹ ሊሰፉ ወይም ሊጠቡ ይችላሉ፣ የተሳለውም አብሮ ይንሸራተታል። አዲሶቹ ኦፊሶች መደበኛ ፎንታቸውን ከካሊብሪ ወደ አፕቶስ ካዞሩ ወዲህ በቆየ ኦፊስ የሚሠራ ቤት ይህን አይቶታል። በአማርኛ ሲሆን ይብሳል። ግራፉ ላይ ያለው ማብራሪያ ዩኒኮድ ባልሆነ የፓወር ግዕዝ ፎንት ከተጻፈና እኛ ዘንድ ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ሆኖ ቁጭ ይላል፤ ሳጥኑም መስመር እየሰበረ ወደ ታች ይወርዳል። በኒያላ የጻፈም አይተርፍም፤ ዊንዶውስ 10 ላይ ኒያላ ለብቻው ካልተጫነ የለም። ኢብሪማ ግን ከዊንዶውሱ ጋር ስለሚመጣ ማንም ቤት ይገኛል። ደንበኞቼን በኢብሪማ ጻፉ የምላቸው ስለሚያምር አይደለም፤ እንዲያውም ኒያላ ያምራል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ በዓይን የሚታይ ብልሽት ነው። ቀስቱ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ያየ ሰው «ይሄ ነገር ልክ አይደለም» ይላል፣ ይታረማል። እኔን የሚያስፈራኝ ግራፉን ሳያበላሽ ሥፍራ የሚለቀው ነው።

አንዲት ሲስተር የክትባት አፈጻጸም ግራፍ ይዛ መጣች። ባሮቹ የየወሩን ሽፋን በመቶኛ ያሳያሉ፣ ከላያቸው ለእቅዱ 85 ከመቶ ላይ ቀይ መስመር ተሰምሯል። መስመሩን በሼፕ ነው የሳለችው፣ ቻርቱ ውስጥ ነው፣ ፎንቱም ደህና ነው። ባለፈው ሩብ ዓመት የሠራችው ፋይል ስለሆነ ቁጥሮቹን ብቻ ቀይራለች። በፊት ከፍተኛው ወር 93 ነበር፣ የግራፉ ጫፍም 100 ላይ ያልቅ ነበር። አሁን አንዱ ወር 104 መጣ። (ከመቶ በላይ ሽፋን እንዴት ይመጣል ለሚል፦ የሚከተቡ ሕፃናት ቁጥር ከሕዝብ ብዛት ተሰልቶ የሚወጣ ግምት ነው፤ ከሌላ ወረዳ መጥቶ የሚከተብም አለ።) ኤክሴል ከረጅሙ ባር በላይ ትንሽ ክፍት ቦታ ስለሚተው ጫፉን ራሱ ወደ 120 ከፍ አደረገው። ቀዩ መስመር ግን ስለ ቁጥር የሚያውቀው ነገር የለም። በፊት የነበረበት ከፍታ ላይ ቆሟል፤ ያ ከፍታ አሁን 102 ነው። 88፣ 91፣ 96 ያመጡ ወራት ሁሉ ከእቅድ በታች ሆነው ታዩ። ግራፉ ንጹሕ ነው፣ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፣ ማንም ገምጋሚ አይጠረጥረውም።

«ሲስተር፣ ይሄ መስመር ስንት ላይ ነው?» አልኳት።

«ሰማንያ አምስት።»

«እስቲ በስተግራ ያለውን ቁጥር እያየሽ ተከተይው።»

ዝም አለች፤ ከዚያ ሳቀች።

ጫፉን 100 ወይም 120 ብሎ በእጅ መቆለፍ ይቻላል። ግን በሚቀጥለው ዓመት የሚረከባት ሰው መቆለፉንም ሆነ ለምን እንደተቆለፈ አያውቅም። እኔ የምመርጠው መስመሩን ከነጭራሹ አለመሳል ነው። ከመረጃው ጎን አንድ ኮለም ተጨምሮ በየወሩ ትይዩ 85 ይጻፋል፣ ኮለሙ ቻርቱ ውስጥ ይገባል፣ ዓይነቱ ከባር ወደ መስመር ይቀየራል። የሸማ ገበያው ሽሮ ሜዳ ባለበት ጉለሌ እየሠራን ይህን ለማስረዳት ሩቅ አንሄድም፤ ጥለት ከሸማው ጋር ሲሸመንና በኋላ ሲለጠፍ ያለውን ልዩነት ደንበኛ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ቅሬታ ግን ሁልጊዜ ይነሳል፦ እንዲህ የወጣ መስመር ከመጀመሪያው ባር መሐል ተነስቶ የመጨረሻው ባር መሐል ላይ ያበቃል፣ ዳርና ዳሩን አይነካም። «አጠረ» ብለው ተመልሰው በእጅ የሚስሉ አሉ። ትሬንድላይን ጨምሮ ወደፊት 0.5፣ ወደኋላ 0.5 ማስረዘም ይበቃል።

የቆመ መስመር ከአግዳሚው ይከፋል። ኤክሴል የእኛን ወሮች እንደ ቀን ስለማያውቃቸው መስከረም፣ ጥቅምት ብለን በቃል እንጽፋቸዋለን፤ እሱ ደግሞ ወርዱን ለስሞቹ እኩል ያካፍላል። አንድ ሬዚደንት አዲስ አሠራር የተጀመረው ሰኔ 1 ነው ብሎ በግንቦትና በሰኔ መካከል ቁራጭ ቁራጭ መስመር አቁሟል። አማካሪው «ጳጉሜን የት አደረስካት?» አሉት፣ ጨመራት። በአሥራ ሁለት የተካፈለው ወርድ በአሥራ ሦስት ተካፈለ፣ መስመሩም የሰኔን ሦስት አራተኛ ዘልቆ ቆመ። አሠራሩ የጀመረው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው ማለት ነው!

በየቀኑ በሚረዝም ግራፍ ላይ ሲሆን ደግሞ ማቆሚያ የለውም። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እዚሁ ጉለሌ ነው፤ መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ ከተገለጸ በኋላ በየዕለቱ ያወጣ የነበረውን ቁጥር በግራፍ ያላስቀመጠ የጤና ተማሪ ጥቂት ነው። ሁሉም መጋቢት 30 ላይ «የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ» የሚል ቀስት ያደርግ ነበር፤ በነጋታው አንድ ቀን ሲጨመር ባሮቹ ወደ ግራ ይጠጋሉ፣ ቀስቱ ሚያዝያ ላይ ይቀራል። ለዚህም ረዳት ኮለም ነው መፍትሔው፦ በዚያ ቀን ትይዩ ብቻ ቁጥር ይገባል፣ ሌላው ባዶ ይተዋል፣ ጽሑፉ የዚያ ነጥብ ሌብል ይሆናል። ቀኑ ሲሄድ ጽሑፉም አብሮ ይሄዳል።

በእጅ መሳል ክልክል ነው አልልም። ነገ ጠዋት ለሚቀርብ አንድ ስላይድ ቀስት ይሳላል፣ ቻርቱ ውስጥ መሆኑ ይረጋገጣል፣ እዚያው የተሠራበት ኮምፒውተር ላይ ፒዲኤፍ ይደረጋል። በቴሌግራም ልከው ስልክ ላይ በደብሊውፒኤስ ከፍተው «ተበላሸ» የሚሉትን ግን ልረዳቸው አልችልም።

ሲስተር ባለፈው ተመልሳ መጥታ ነበር። እቅዱ ከጥር ጀምሮ ወደ 90 ከፍ ብሏል፤ ኮለሙ ላይ ስትጽፈው መስመሩ ከታኅሣሥ ወደ ጥር ዘንበል ብሎ ወጣባት፣ እቅዱ ቀስ በቀስ ያደገ ይመስላል። የ85ቱንና የ90ውን ወራት በሁለት ኮለም ለየንላት፣ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ቀይ ሰጠናቸው። መስመሩ ታኅሣሥ ላይ ተቋርጦ ጥር ላይ ከፍ ብሎ ይቀጥላል።