የኤትና ቀይ ወይን ጠጅ

ማስካሊ በሲሲሊ ደሴት ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከኤትና ተራራ ግርጌ የምትገኝ ከተማ ናት። በ1928 ኖቬምበር (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከተራራው ጎን ፈንድቶ የወጣው ላቫ (የቀለጠ ድንጋይ) ቁልቁል ወርዶ ቤቱንም ቤተ ክርስቲያኑንም ዋጠው። ሕዝቡ ዕቃውን ጭኖ ቀድሞ ስለ ወጣ ተረፈ፤ ከተማዋም ወደ ባሕሩ ቀረብ ብላ እንደገና ተሠራች። ኔሬሎ ማስካሌዜ የሚባለው ጥቁር የወይን ዘር ስሙን ያገኘው ከዚህ አካባቢ ነው። ዛሬ በየአገሩ የሚፈለገው የኤትና ቀይ ወይን ጠጅ በዋናነት የሚጠመቀውም ከዚሁ ዘር ነው።

ኤትና ከ3,300 ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ዛሬም እሳቱ ያልጠፋ ተራራ ነው። የወይን እርሻው ከሰሜን ተነሥቶ በምሥራቅ በኩል እስከ ደቡብ ምዕራብ በግማሽ ክብ ይዞረዋል። አብዛኛው ማሳ የሚገኘው ከባሕር ወለል በላይ ከ400 እስከ 1,000 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ነው። የኤትና ወይን ጠጅ በ1968 በትውልድ ቦታው ስም በሕግ ሲጠበቅ፣ ከሲሲሊ የመጀመሪያው ሆነ። ደንቡ እንደሚያዘው ቀዩ ቢያንስ 80 በመቶው ኔሬሎ ማስካሌዜ መሆን አለበት፤ አብሮት የሚገባው በአብዛኛው ኔሬሎ ካፑቾ የተባለው ሌላው የአገሩ ዘር ነው።

የዚህ ወይን ጠጅ ነገር የሚጀምረው ከአፈሩ ነው። ላቫ ከቀዘቀዘ በኋላ ለብዙ ዘመን ለእርሻ አይሆንም። መጀመሪያ የድንጋይ ሽበት ይይዘዋል፤ ቀጥሎ ጂኔስትራ የሚሉት ባለ ቢጫ አበባ ቁጥቋጦ ሥሩን እየሰደደ ይሰነጥቀዋል፤ ከላይ የሚዘንበው አመድ ደግሞ ስንጥቁን ይሞላዋል። በ1981 ከራንዳዞ ከተማ አጠገብ የወረደው ላቫ ወይኑን፣ መንገዱንና የባቡር ሐዲዱን ቆርጦ አልፏል፤ ያ ድንጋይ እርሻ እስኪሆን ገና ብዙ ትውልድ ያልፋል። ከጎኑ ያለው ማሳ ግን በብዙ ሺህ ዓመት ላቫ ላይ የተተከለ ሊሆን ይችላል። አንዱ ጥልቅና አሸዋማ፣ ሌላው ስስና ድንጋያማ ይሆናል። ገበሬው ይህን ስለሚያውቅ ተራራውን ኮንትራዳ በሚባሉ ትንንሽ ቦታዎች ከፋፍሎ፣ ለእያንዳንዱ ስም ሰጥቶ ይጠራዋል።

አሸዋማነቱ ሌላም ጥቅም አለው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፊሎክሴራ የተባለች፣ የወይን ሥር የምትመጥ ትንሽ ተባይ የአውሮፓን ወይን ስትፈጅ፣ በአሸዋ ውስጥ እንደ ልቧ መንቀሳቀስ አልቻለችም። በዚህ የተነሣ በሌላ ዘር ሥር ላይ ሳይጣበቁ የቆሙ፣ ዕድሜያቸው ከመቶ ዓመት ያለፈ የወይን ግንዶች በኤትና ዛሬም ያፈራሉ።

እነዚህ አሮጌ ግንዶች የሚያዙበት ስልት አልበሬሎ ይባላል። እያንዳንዱ ግንድ ሽቦ ሳይዘረጋለት፣ በካስታኞ እንጨት ችካል ተደግፎ እንደ ትንሽ ዛፍ ለብቻው ይቆማል። ማሳው ያለ ጭቃ በተካበ ጥቁር ድንጋይ የታጠረ ጠባብ እርከን ስለሆነ ትራክተር አይገባበትም። ቁፋሮውም ግረዛውም ለቀማውም በእጅ ነው፤ አንዳንዶች ዛሬም በበቅሎ ያርሳሉ። ካቡ በዝናብ ሲናድ የሚጠግነው ሰው ካልተገኘ አፈሩ አብሮ ይሄዳል። ስለ ኤትና ሲወራ እሳተ ገሞራው ሁሉን ይሸፍነዋል፤ እኔ ግን ከእሳቱ ይልቅ ካቡ ያስደንቀኛል። ተራራው የሰጠው ድንጋይና አመድ ነው፤ እርሻ ያደረገው ሰው ነው።

ኔሬሎ ማስካሌዜ ዘግይቶ የሚበስል ዘር ነው። በሲሲሊ ቆላ ለቀማው በነሐሴ ሲጀመር፣ ኤትና ላይ እስከ ጥቅምት ይጠበቃል። ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ብርዳም ስለሆነ ፍሬው ቀስ ብሎ ይበስላል፤ ኮምጣጣነቱንም አይለቅም። የሚወጣው ወይን ጠጅ ቀለሙ ሳሳ ያለ፣ ብርጭቆ ውስጥ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀይ ነው። በቀለሙ ቀላል የመሰለው ሰው ሲቀምሰው ይገረማል፤ ምላስን የሚያደርቀው ታኒን ጠንካራ ነውና ዓመታትን ይታገሣል። ከፈረንሳይ ቡርጎኝና ከሰሜን ጣሊያን ባሮሎ ጋር የሚያስተያዩት ለዚህ ነው።

በየማሳው ጥግ ፓልሜንቶ የሚባል በላቫ ድንጋይ የተሠራ የመጭመቂያ ቤት ይታያል። ቤቱ ተዳፋቱን ተከትሎ ደረጃ በደረጃ የተሠራ ነው። ወይኑ ከላይ በመስኮት ይገባል፤ ሰዎች በድንጋይ ወለል ላይ በእግራቸው ይረግጡታል፤ ጭማቂው በቦይ ወደ ታችኛው ገንዳ ወርዶ ይፈላል። የቀረውን ልጣጭ ከግዙፍ ግንድ የተጠረበ መጭመቂያ ይጨምቀዋል። የንጽሕና ሕግ ለገበያ የሚውል ወይን ጠጅ በዚህ መንገድ እንዳይሠራ ከለከለ፤ ብዙዎቹ ቤቶችም ባዶ ቀሩ፣ ጣሪያቸውም ተደረመሰ። ቁልቁለቱን እንጂ ሞተር የማይጠይቅ እንዲህ ያለ ብልሃት መረሳቱ ያሳዝነኛል።

የተራራው ወይን ጠጅ ከዚህ ቀደምም ስሙ ከፍ ብሎ ወድቋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሪፖስቶ ወደብ የኤትና ወይን ጠጅ በመርከብ እየተጫነ ይወጣ ነበር፤ በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ተራራውን የሚዞር የባቡር ሐዲድም ተዘረጋ። ከዚያ ፊሎክሴራው፣ ጦርነቱና ስደቱ ተከታተሉ። በ1988 ጁዜፔ ቤናንቲ የተባለ የመድኃኒት ነጋዴ ከወይን ጠጅ ባለሙያው ሳልቮ ፎቲ ጋር የአገሩን ዘር ይዞ እንደ አዲስ ጀመረ። ከ2000 ወዲህ እንደ አንድሬያ ፍራንኬቲና ማርክ ዴ ግራዚያ ያሉ ጠማቂዎች መጥተው ስሙን ወደ ውጭ አገር አደረሱት። ምስጋናው ይገባቸዋል። ሆኖም ወይኑ ዋጋ ባጣበት ዘመን ግንዱን ሳይነቅሉ፣ ካቡን እየጠገኑ የቆዩት የመንደር ሽማግሌዎች ባይኖሩ፣ አዲስ መጪዎቹም የሚያነሡት ነገር ባልኖረ ነበር።

አሁን ብዙ ጠማቂዎች የኮንትራዳውን ስም ጠርሙሱ ላይ ይጽፋሉ፤ ካልዴራራ ሶታና፣ ጓርዲዮላ፣ ራምፓንቴ የሚሉት ከዚያ የመጡ ናቸው። ይህን ወይን ጠጅ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከአንድ ጠማቂ፣ በአንድ ዓመት የተለቀሙ የሁለት ኮንትራዳ ጠርሙሶችን ጎን ለጎን ይቅመስ። ዘሩ አንድ፣ እጁም አንድ ነው፤ ልዩነቱን ከሚያመጡት ዋና ነገሮች አንዱ ከሥር ያለው ላቫ ነው።