ጾሙን ጠብቀናል፤ ከዚያስ?

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይበላም፤ ቁርስ የለም፤ ብዙ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም። ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ ጾም መግባቱን የሚነግሩን ሥጋ ቤቶቹ ናቸው። ለቅበላ ሰው ሲጋፋባቸው የሰነበቱት የጎፋ ሥጋ ቤቶች በማግስቱ ጭር ይላሉ፤ የጀሞ ምግብ ቤቶች ደግሞ የጾም በያይነቱን ያስቀድማሉ።

ሕጉ ግልጽ ነው፤ ለመጠበቅም ለመቁጠርም ይመቻል። ታዲያ ይህን ሁሉ የጠበቀ ክርስቲያን ግዴታውን ጨረሰ ማለት ነው?

መልሱን ከኮንዶሚኒየም ኑሮ ላይ ማየት ይቻላል። በጾም መካከል ጎረቤት ወለደች እንበል። ቤተ ክርስቲያን አራስን በጾም አታስገድድም፤ ስለዚህ ገንፎ በቅቤ ይገባታል። የምታገነፋላት ግን ጾመኛዋ ጎረቤቷ ናት። ከጠዋት ጀምሮ ውኃ እንኳ በአፏ አልዞረም። ዱቄቱ እንዳይጓጉል ስታማስል ክንዷ ይዝላል፤ በርበሬውን በንጥር ቅቤ ስትለውስ የኮሰረቱ ሽታ ቤቱን ይሞላዋል። ጨው መብቃቱን መቅመስ ስለማትችል የቤቱን ትንሽ ልጅ ትጠራለች፦ «ና እስቲ ማሙሽ፣ ቅመስልኝ፤ ጨው አንሶታል?» አራሷን አብልታ፣ ዕቃውን አጣጥባ ወደ ቤቷ ስትመለስ የራሷ ሽሮ ገና አልተጣደም።

ይህች ሴት ጾሟን አልሻረችም። እንዲህ አድርጊ ብሎ ያዘዛት ቀኖናም የለም። ባታደርገው ኖሮ ንስሐ አባቷ ፊት የምትናዘዘው ነገር አይኖርም ነበር። ሕጉን ጠብቃ፣ ሕጉ ካቆመበት ቦታ በራሷ እግር ቀጠለች።

ይህን ስል «ዋናው ልብ ነው» እያሉ ጾሙንም አሥራቱንም የሚተዉትን ማሞገሴ አይደለም። እንደ እውነቱ ከሆነ ልቡንም ብዙ አላየንባቸውም። ክርስቶስም ከቅመማ ቅመም ሳይቀር አሥራት የሚያወጡትን ፈሪሳውያን ሲወቅስ (ማቴዎስ 23) አሥራቱን ተዉት አላላቸውም። ፍርድንና ምሕረትን መዘንጋታቸውን ነው የነቀፈው፤ ያኛውን ይዘው ይህኛውንም ሊያደርጉ ይገባ ነበር።

ልዩነቱን በቁጥር ማየት የሚፈልግ የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19ን ያንብብ። ቀራጩ ዘኬዎስ ሰው ሲበዘብዝ የኖረ ነው። ኦሪት ዘኁልቍ ምዕራፍ 5 የበደለ ሰው ጥፋቱን ተናዝዞ፣ ዋናውን መልሶ፣ አምስተኛ እጅ እንዲጨምር ያዝዛል። በዛሬ ገንዘብ ብናሰላው 100 ብር ያለአግባብ የወሰደ 120 ብር ይመልሳል ማለት ነው። ዘኬዎስ ግን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ፤ 400 ብር መሆኑ ነው። ይህም ሳይበቃው የንብረቱን እኩሌታ ለድሆች ሰጠ። ያን ጊዜ ማንም አላስገደደውም፤ ጌታ ቤቱ ስለገባ ደስ ብሎት ነው።

በቅርቡ ታሪካችን ደግሞ ቄስ ጉዲና ቱምሳ አሉ። መካኒሳ ላይ ሴሚናሪ ያላት የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። በደርግ ዘመን ታስረው ተፈትተዋል፤ ከአገር የሚወጡበት መንገድም ቀርቦላቸው ነበር። ቢወጡ ደግሞ የሚኰንናቸው ሕግ አልነበረም፤ በአንዱ ከተማ ሲያሳድዷችሁ ወደ ሌላው ሽሹ የሚለው ትምህርት የክርስቶስ የራሱ ነው። እሳቸው ግን ምእመናኑን ጥለው ለመሄድ እንቢ አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። አፅማቸው የተገኘው ከደርግ ውድቀት በኋላ ነው። ለምን አልሸሹም ብሎ የሚጠይቅ የሕግ መጽሐፍ ቢያገላብጥ መልስ አያገኝም።

እንዲህ ያለውን ፍቅር ከሁሉም ሰው መጠበቅ ይከብዳል። የዕለት ተዕለቱ ፈተና ያለው ግን ወር በገባ በ5፣ መካኒሳ አቦ ደጅ ላይ ነው። ተሳላሚው ብሩን በሳንቲም ያስመነዝርና ከተሰለፉት ነዳያን ፊት አንድ በአንድ እየጣለ ያልፋል። መስጠቱ መልካም ነው፤ ምጽዋት ነውና አይናቅም። ቢሆንም እጁ ሲሰጥ ዓይኑ ታክሲ ይፈልጋል፤ የተቀበሉት እናት ያመማቸው ይሁን የራባቸው ሳያውቅ ሳንቲሙ ያልቃል። አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ «እማማ፣ እንዴት አደሩ?» ያለ ሰው ግን አንድ ሳንቲም ሳይጨምር ከሕጉ አልፏል።

ከጾም የተረፈው ለችግረኛ እንዲሰጥ ቤተ ክርስቲያን ከጥንት ጀምሮ ታስተምራለች። በእኛ ቤት ግን የጾም ኬኩ፣ የጾም ፒዛው፣ አቮካዶው ተደምሮ ከፍስኩ ወጪ የሚበልጥበት ወር አለ። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ዘንድሮ ሲጾሙ የቀረውን የቁርስ ገንዘብ ለብቻው ያስቀምጡት። ከዚያም በደረጃዎ ላይ ከሚኖሩት መካከል አራስ፣ ሕመምተኛ ወይም ጧሪ ያጣ አንድ ሰው ይምረጡና በሩን ያንኳኩ፤ ሰጥተው ብቻ አይመለሱ፣ ትንሽ ቁጭ ይበሉ።