ጠብታ ወተትና አጭር አንጀት

በጣና ሐይቅ መካከል ያለችውን ደቅ ደሴትን ታውቋታላችሁ? ከእሷ ባሕር ዳር ለመድረስ ጀልባ ግድ ነው። እስቲ አስቡት፤ ደቅ ላይ አንድ ሕፃን ያለ ጊዜው ቢወለድስ?

የፅንስ ትንሹ አንጀት በመጨረሻዎቹ 3 የእርግዝና ወራት ርዝመቱ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ቀድሞ የተወለደ ሕፃን ይህን ዕድገት ሳይጨርስ ይመጣል። ለጋ አንጀቱ አንዳንዴ ክፉኛ ይቆጣና ከፊሉ ይሞታል፤ ሐኪሞችም የሞተውን ክፍል ቆርጠው ያወጣሉ። የተረፈው አንጀት ምግብና ውኃ በበቂ መምጠጥ ሲያቅተው «የአጭር አንጀት ችግር» ይባላል።

ታዲያ ልጁ በምን ይደግ? መጀመሪያ በደም ሥር ነው፦ ስኳር፣ አሚኖ አሲድ፣ ስብ፣ ጨውና ቫይታሚን ይሰጠዋል። አሜሪካዊው ሐኪም ስታንሊ ዱድሪክና ባልደረቦቹ ሕፃን በዚህ መንገድ ማደግ እንደሚችል ያሳዩት በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነበር። ችግሩ፣ ይህ አመጋገብ ሲራዘም ጉበት ሊጎዳ፣ በቱቦው በኩልም ጀርም ደም ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ስለዚህ ሐኪሙ ሲፈቅድ የእናት ጡት ወተት በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ እየተደረገ ይጀመራል። ጠብታዋ ልጁን አታጠግብም፤ አንጀቱን ግን «ተነስ፣ ሥራ አለ!» ብላ ትቀሰቅሰዋለች። የተረፈው አንጀት ቀስ በቀስ ይሰፋል፤ ምግብ የሚመጡት ጥቃቅን ጣት መሳይ ክሮቹም ይረዝማሉ። ይህ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል።

ለአራስ ልጅ ቅቤ ማላስን ሰምታችሁ ይሆናል። ለጋ አንጀት ይህን አይችልም። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ሆዱ ቢነፋ፣ አረንጓዴ ቢያስመልስ ወይም ሰገራው ደም ቢቀላቅል፣ ነገ አይባልም፤ ጀልባዋ ዛሬውኑ ትነሳ!