ነባር የኢንዱስትሪ ይዞታዎችና ኃይል ቆጣቢ የቢሮ ሕንፃ

የአዲስ አበባው ለገሃር የምድር ባቡር ከ1909 ዓ.ም. ጀምሮ መንገደኛና ጭነት ያስተናገደበት ስፍራ ነው። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የልማት ፕሮጀክት ደግሞ በአካባቢው 36 ሄክታር ላይ መኖሪያ፣ ቢሮና የንግድ ሕንፃዎችን ለመገንባት የታቀደ ነው።

በዚህ ዓይነት ይዞታ ላይ ቀዳሚው ተግባር የአፈር ምርመራ ነው። ነዳጅና ቅባት ሲፈስበት የኖረ አፈር ሳይመረመር ቢቆፈር፣ ብክለቱ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ሊሰርግ ይችላል።

ቀጥሎ የሕንፃው አቀማመጥ ይታያል። በአገራችን ፀሐይ ቀትር ላይ ከአናት በላይ ትውላለች፤ ጠዋትና ማታ ግን ዝቅ ብላ የምሥራቁንና የምዕራቡን መስኮት ትመታለች። ረጅሙ ጎን ወደ ሰሜንና ደቡብ የዞረ ሕንፃ አጭር መከለያ ይበቃዋል። ዙሪያውን በመስታወት የተለበጠ ቢሮ ግን በደጋም ቢሆን ማቀዝቀዣ ይሻል፤ ደጁ ነፋሻ ሆኖ ሳለ የውስጡን ሙቀት በኤሌክትሪክ ማስወጣት ከንቱ ወጪ ነው።

አርክቴክት ሚክ ፒርስ የነደፈውና እ.ኤ.አ. በ1996 በሐራሬ የተጠናቀቀው ኢስትጌት የተሰኘው የቢሮና የገበያ ሕንፃ ሌላ መንገድ ያሳያል። የሌሊቱ ቀዝቃዛ አየር በወለሎቹ ውስጥ እያለፈ ኮንክሪቱን ያበርዳል፤ የበረደው ኮንክሪት በበኩሉ የቀኑን ሙቀት ይቀበላል።

ሌሊታቸው ቀዝቃዛ ለሆነው እንደ መካነ ኢየሱስ ላሉ የደቡብ ጎንደር ደጋማ ከተሞች ይህ አሠራር ይስማማል። የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሲነደፍ ታዲያ አንድ ነገር ሊዘነጋ አይገባም፦ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምታልፍ፣ የሰሜኑም መስኮት መከለያ ያስፈልገዋል።