ከሰንበር የተረፈ ጨጓራ

አይጥ አታስመልስም። የዋጠችው ክፉም ይሁን ደግ እዚያው ጨጓራዋ ውስጥ ይቀራል። የጨጓራ መድኃኒት ለሚፈትኑ ሰዎች ይህ ጠባይዋ ተመችቷቸዋል።

ዝግጅቱ ከዋዜማው ይጀምራል። አይጧ ውሃ እንጂ ምግብ አታገኝም፤ የምታድረውም ወለሉ የሽቦ ወንፊት በሆነ ሳጥን ነው። አለዚያ ጉዝጓዟንና የራሷን ዓይነ ምድር ስትበላ ታድርና ጨጓራዋ ባዶ አይሆንም። በማግስቱ ለአንዷ የሚፈተነው መድኃኒት፣ ለሌላዋ መድኃኒት የሌለበት ፈሳሽ ይሰጣል። ጥቂት ቆይቶ ለሁለቱም 1 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል በቀጭን ቱቦ ጨጓራቸው ውስጥ ይገባል። ከ1 ሰዓት በኋላ ይገደላሉ። ጭካኔ የለበትም አልልም።

ጨጓራው ተቀዶና ታጥቦ ሰሌዳ ላይ በመርፌ ይወጠራል። አንዱ ወገን እንደ ብራና ስስና ነጣ ያለ ነው፤ ለፈተናው የሚፈለገው ሌላኛው፣ አሲድ የሚያመነጨውና ቀላ ያለው ክፍል ነው። መድኃኒት ባልወሰደችው አይጥ ላይ እጥፋቱን ተከትለው የተጋደሙ፣ በጅራፍ የተገረፈ ጀርባ የሚያስመስሉ ጥቁር ቀይ ሰንበሮች ይታያሉ። ርዝመታቸው በሚሊ ሜትር ተለክቶ ይደመራል። ለኪው የትኛዋ ምን እንደወሰደች ባያውቅ ይመረጣል፤ ዓይን ወደሚመኘው ያደላልና።

ይህን ፈተና ያስታወቀው በአሜሪካ ሚሺጋን፣ በአፕጆን መድኃኒት ፋብሪካ ይሠራ የነበረው አንድሬ ሮበርት ነው፤ ጽሑፉ የወጣው በ1979 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው)። አልኮል ብቻ ሳይሆን ኃይለኛ አሲድና የፈላ ውሃ ጭምር ሞክሯል። ሰውነት ራሱ የሚሠራውን ፕሮስታግላንዲን አስቀድመው ያገኙት አይጦች ከሰንበሩ ተረፉ። የሚገርመው መጠኑ ነው፤ አሲድ ለመቀነስ የማይበቃ ትንሽ ነበር። አሲድ ቀናሹ ሲሜቲዲን ግን በዚህ ፈተና ጨጓራውን አላዳነም። አሲድ መቀነስና ጨጓራን መጠበቅ ለየቅል መሆናቸው የታየው እዚህ ላይ ነው።

ፕሮስታግላንዲን የጨጓራን ሽፋን የሚያለብሰውን ዝልግልግ ፈሳሽ ያበዛል፤ አሲዱን የሚሰብር ቢካርቦኔት እንዲመነጭና ደም በደንብ እንዲዘዋወር ያደርጋል። አስፒሪንና አይቡፕሮፌን ጨጓራ የሚጎዱትም በዋናነት ይህንኑ ንጥረ ነገር ስለሚያስቀሩ ነው። በእነሱ ምክንያት የሚመጣውን ቁስለት ለመከላከል ሚሶፕሮስቶል የተባለው ሰው ሠራሽ ፕሮስታግላንዲን በ1988 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ።

ይሁንና ሰንበር ያልታየበት ጨጓራ ሁሉ ደህና ነው ማለት አይደለም። በ1982 ሌሲና ኢቶ የተባሉ ተመራማሪዎች «የተጠበቀውን» ጨጓራ በማይክሮስኮፕ ሲያዩት የላይኛው የሴሎች ንጣፍ እዚያም ረግፏል። የተረፈው ከሥር ያለው ነው፤ እሱ ከተረፈ ደግሞ ላዩ በፍጥነት መልሶ ይሸፈናል። ሣሩ ነዶ ሥሩ የተረፈ መስክ በሉት። እንግዲህ በዓይን የታየ ሰንበር ብቻ ቆጥሮ «መድኃኒቱ ይከላከላል» የሚል ጥናት ለእኔ ግማሽ ሥራ ነው።

የእኛ ቤት የጨጓራ መድኃኒቶችም በዚሁ የአልኮል ፈተና አልፈዋል፤ አብሽ በሕንድ በ2002፣ ተልባ በሊቢያ በ2008፤ ሁለቱም የአይጦቹን ጉዳት ቀንሰዋል። የሰውን ጨጓራ በአብዛኛው የሚያቆስሉት ግን ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያና የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው፤ ባክቴሪያው ደግሞ በዚህ ፈተና ውስጥ የለም። ስለዚህ ሕመሙ ከተመላለሰብዎ ተልባውን ይጠጡ፤ የባክቴሪያውን ምርመራ ግን አይተዉ።